ምዕራፍ 6፦ የሚወደደው ሌላ ልጅ ነው

ቴል አቪቭ ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ አንዲት ነጭ እናት ጥቁር ልጇን አቅፋ ወላጆች ሁሉ እያዩ ፊቱን በምላሷ ትልሳለች። ወላጆቹ ልጁ በሽታ ያስይዝብናል ብለው ለትምህርት ቤቱ አቤት ብለዋል፤ ልጆቻቸውን ከክፍሉ ሊያስወጡም ዝተዋል። ያዕል የተባለችው እናት የሐኪም ወረቀት ይዛ አልመጣችም። ጉንጩን ሳመች፣ ግንባሩን ላሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው።

ትዕይንቱ ራዱ ሚሃይሊያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ካወጣው «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ከተሰኘው ፊልም ነው (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተመልካች እንባውን የሚጠርገው እዚህ ላይ ነው። የእናትየዋ ድፍረት ያስለቅሳል፤ ቢያስለቅስም አይገርምም። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በአደባባይ እንዲህ የተመሰከረለት ልጅ ለዓመታት ደስታ አያገኝም። የሚጠሉት ሰዎች ቢያስከፉት ነገሩ ግልጽ ነው። የሚወዱት ሰዎች ፍቅር ለምን እንደማያረካው ግን መመርመር አለበት፤ ይህን ፊልም ከብዙዎቹ የዘረኝነት ፊልሞች የሚለየውም ይኸው ጥያቄ ይመስለኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1984 ሱዳን ውስጥ በአንድ የስደተኞች ጣቢያ ነው። ድርቅና ጦርነት ከኢትዮጵያ ያፈናቀላቸው ክርስቲያኖች፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) በአንድ ሜዳ ሰፍረዋል። እስራኤል ቤተ እስራኤላውያንን በድብቅ ልታወጣ ነው። ዘመቻ ሙሴ በተባለው በዚህ ሥራ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ ድረስ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ወሬው ሾልኮ ሲወጣ ሱዳን በሩን ዘጋችው። በእግር ጉዞውና በጣቢያዎቹ ያለቁት ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ክርስቲያን እናት አጠገቧ ያለች ሐና የተባለች የቤተ እስራኤል ሴት ልጇ ሲሞትባት ታያለች። የዚያኑ ሌሊት የራሷን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእቅፏ ገፍታ ወደ ተጓዦቹ ተራ ትሰደዋለች። ሐና ምንም ሳትናገር እጁን ትይዘዋለች። ልጁ የሞተውን ልጅ ስም ወርሶ ሰሎሞን ሆነ፤ እስራኤል ሲደርስ ደግሞ ስሙ በዕብራይስጥ ተለውጦ ሽሎሞ ተባለ። የሟቹን ልጅ አባትና አያት ስም ሐና አስጠናችው። ከዚያ እሷም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ዮራምና ያዕል የተባሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪና ለሃይማኖት ብዙም ደንታ የሌላቸው ባልና ሚስት አሳዳጊ ሆኑት።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ቻርልስ ሆርተን ኩሊ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች ፊት ነው ብሎ ነበር። በኩሊ አስተሳሰብ ነገሩ ሦስት እርከን አለው፤ ለሌላው እንዴት እንደምንታይ እናስባለን፣ ያ ሰው ያየውን እንዴት እንደሚፈርድ እንገምታለን፣ ከግምታችንም ኩራት ወይም ኀፍረት ይወለድብናል። ሰው ምን ይለኛል እየተባለ ላደገ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ልብ ማለት የሚያስፈልገው መካከለኛው እርከን ላይ ነው። የሚያሳፍረን ሰዎች በእርግጥ የፈረዱት ፍርድ ሳይሆን ፈርደውብናል ብለን የገመትነው ነው። ማንም ምንም ሳይናገር ሰው በኀፍረት ሊኖር ይችላል።

ከ61 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ ሌላው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ኧርቪንግ ጎፍማን ይህን ሐሳብ ኅብረተሰቡ የነውር ምልክት ወደ ለጠፈባቸው ሰዎች ወሰደው። ጎፍማን ሁለት ዓይነት ሰዎችን ለየ። አንደኛው ምልክቱ ፊት ለፊት የሚታይበት ነው፤ የቆዳ ቀለሙ፣ የጎደለ አካሉ ገና ከበር ሲገባ ቀድሞት ይገባል። የዚህ ሰው ሥራ በዙሪያው ያለውን መሸማቀቅና መፋጠጥ መቻል ነው። ሁለተኛው ምልክቱ የማይታይበት፣ ቢታወቅ ግን የሚዋረድ ሰው ነው። የእሱ ሥራ ወሬ መጠበቅ ነው፤ ለማን ይነገር፣ ለማን ይዋሽ፣ የት ቦታ ዝም ይባል። የመጀመሪያው ሲሰደብ ይደክመዋል። ሁለተኛው ሲመሰገንም ይደክመዋል።

ሽሎሞ ሁለቱም ነው። በጥቁርነቱ የመጀመሪያው፣ በምስጢሩ ሁለተኛው። አብዛኞቹ የማንነት ፊልሞች ለባለታሪካቸው ከሁለቱ አንዱን ይሰጡትና ጠላቱን ከፊቱ ያቆሙለታል፤ ጠላቱን ሲያሸንፍ ፊልሙ ያልቃል። ሚሃይሊያኑ ይህን መንገድ ዘግቶበታል። የግቢው ወላጆች ተሸንፈው ቢሄዱም ሽሎሞ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ሁለተኛው ሥራ ይጠብቀዋል።

የነገሩን ክብደት ለማየት በዙሪያው የነበረውን የእስራኤል ሕይወት ማስታወስ ይጠቅማል። የሴፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት በ1973 ነው፤ መንግሥትም በ1975 አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ለእነሱም እንዲሠራ አደረገ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ቤተ እስራኤላውያኑ በሱዳን በኩል ከደረሱ በኋላ የረቢዎች ጽሕፈት ቤት አይሁድነታቸውን ለማረጋገጥ በውሃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቀ። ለሃይማኖቱ ሲል ዘመድ ቀብሮ የመጣ ሰው «አይሁድ ለመሆን ተጠመቅ» ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ለሳምንታት የዘለቀ ሰልፍ ተደረገ። በ1996 ደግሞ ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በኤችአይቪ ስጋት በድብቅ ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ወጣና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ተመሙ። ደም ሰጥቶ ደሙ መጣሉን ከጋዜጣ ማንበብ ከስድብ ይብሳል። ስድብን ቢያንስ ሰዳቢው ፊት ለፊት ይናገረዋል፤ ደሙ ግን ከምስጋና ጋር ነበር የተወሰደው።

ለእውነተኛው ቤተ እስራኤላዊ በአይሁድነቱ ላይ የሚነሳው ጥርጣሬ ውሸት ነው። «አይሁድ አይደላችሁም» ሲሉት ይቆጣል፤ ቁጣውም ያቆመዋል፣ ከጎኑ የሚቆም ወገንም አለው። ሽሎሞ ግን በዚያው ስድብ ውስጥ ራሱን ያገኛል። ዘረኛው ሳያውቅ እውነቱን ነው የሚናገረው። ስለዚህ ልጁ እንደ ጓደኞቹ መቆጣት አይችልም፤ ቢቆጣ ያስመስላል፣ ባይቆጣ ይታወቅበታል። ከሰልፈኞቹ መካከል የሚቆምበት ቦታ የለውም።

ፊልሙ ይህን በአንድ አጭር ትዕይንት ይጨርሰዋል። ሽሎሞ በጉርምስናው ምስጢሩ ሲከብደው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ይሰጣል፤ አይሁድ አይደለሁም ይላል። ፖሊሱ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ፖሊሱ ግን ደግ ነው። ይህን ምስኪን ልጅ ስድቡ አእምሮውን ነክቶት ራሱን እንዲጠራጠር አድርጎታል ብሎ ያዝንለታል፤ አንተም እንደኛው አይሁድ ነህ ብሎ ያጽናናዋል። ዘረኝነትን የሚጠላ ሰው ሊያደርግ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ልጁ ግን ይዞት የመጣውን እውነት ይዞት ይመለሳል፤ የሚቀበለው አላገኘም። ከፊልሙ ሁሉ ጭካኔ የሚበዛበት ትዕይንት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድም ጨካኝ ሰው የለበትም።

እዚህ ላይ የኩሊን ሐሳብ አንድ እርምጃ መግፋት ያስፈልጋል። ሰው በሌሎች ፊት ራሱን ያያል ካልን፣ የሚታየው ሌላ ሰው ሲሆንስ? ያዕል የምትወደው ሐና የወለደችውን፣ በረሃ አቋርጦ የመጣውን፣ እናቱ የሞተችበትን ሽሎሞን ነው። ያ ልጅ ሱዳን ውስጥ ተቀብሯል። የሕያው ልጅ እናት በሕይወት አለች፤ ትራብ፣ ትጥገብ ግን እሱ አያውቅም። በየምሽቱ የሚሰጠው እቅፍ በሌላ ሰው ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ላይ እንደሚገባ ገንዘብ ነው፤ ሒሳቡ ያድጋል እንጂ እሱ ሊያወጣው አይችልም። ይባስ ብሎ ፍቅሩ በጨመረ ቁጥር ምስጢሩን የማውጣቱ ዋጋ ይንራል። መጀመሪያ ላይ ቢናገር የሚያጣው የመኝታ ቦታ ብቻ ነበር፤ በኋላ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ አያት ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። የሽሎሞ እውነት ግን እያደር ከበደ።

የምስጢሩ ሌላ ግብር አለ፤ ጎፍማንም ነክቶታል። ሌላ ሆኖ የሚኖር ሰው ከባለቤቶቹ በላይ ደንቡን ይጠነቅቃል። ሽሎሞ ኦሪቱን አጥብቆ ያጠናል፤ ሰንበትን ብዙም በማያከብር ቤት ውስጥ እሱ ከሁሉም ይበልጥ አይሁድ ይሆናል። በአንድ የሃይማኖት ክርክር ላይ የአዳም ቀለም ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ፣ አዳም ነጭም ጥቁርም እንዳልነበረ፣ እንደ ተሠራበት ጭቃ ቀይ እንደነበረ ተከራክሮ አዳራሹን ያስደንቃል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ጭብጨባው ይገባዋል። የሚወዳት ልጃገረድ የሣራ አባት ግን እንደዚያው ይጠላዋል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ማሳመን ይቻላል፤ ሴት ልጅ ያለው አንድ አባት ግን በመጽሐፍ አይረታም። ፊልሙ ይህን ሳያንዛዛ ማለፉ ያስመሰግነዋል።

የኛ ተመልካች ከሌላው የሚለይበት አንድ ቦታ አለ። ሕፃኑ ሌሊት ቀና ብሎ ጨረቃን «እናቴ» እያለ ሲያናግር፣ ፓሪስ ያለው ተመልካች ከሥር የተጻፈውን ያነብባል፤ እኛ እንሰማለን። በዕብራይስጥ ለሁሉም ሽሎሞ የሆነው ልጅ በአማርኛ የእናቱ ልጅ ነው። ለዚህም ነው የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪ የሆኑትን ቄስ አምሃራን በቴሌቪዥን ሲያይ ፈልጎ የሚያገኛቸው። ቄሱ ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ እሳቸው ዘንድ ስለ እናቱ መናገር ይችላል። የማይዋሽበት አንድ ክፍል አገኘ ማለት ነው። ቄሱ ከአሳዳጊዎቹ ይልቅ ስለሚወዱት አይደለም፤ ያዕል እንደ እሳቸው ብታውቅ ምን ታደርግ እንደነበር በኋላ እናያለን። እሳቸው ዘንድ ሲሄድ ግን ስም መጠበቅ የለበትም። ለልጁ ዕረፍት ያ ብቻ በቂ ሆኖ እናየዋለን።

ምስጢር የሌለበትስ ሰው? ጥያቄውን ለማጥራት ለአጭር ጊዜ ወደ ሌላ ፊልም ልሂድ። ጀርመናዊው ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር በ1974 «ፍርሃት ነፍስን ይበላል» የተሰኘውን ፊልም አወጣ። ኤሚ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ሙኒክ ውስጥ በጽዳት የምትተዳደር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዓሊ በዕድሜ እጅግ የሚያንሳት ሞሮኳዊ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ዝናብ ሲያባርራት ከገባችበት መጠጥ ቤት ውስጥ አብረው ይደንሳሉ፤ ይጋባሉ። ልጇ ቴሌቪዥኗን በእርግጫ ይሰብራል፣ ባለሱቁ አልሸጥም ይላል፣ የሥራ ባልደረቦቿ ምሳቸውን ከእሷ ርቀው ይበላሉ። ባልና ሚስቱ ባዶ ቢጫ ወንበሮች በተደረደሩበት የአትክልት ካፌ ብቻቸውን ተቀምጠው አስተናጋጆቹ ከሩቅ ሲያፈጡባቸው ኤሚ ታለቅሳለች።

ብዙ ዳይሬክተር ፊልሙን እዚህ ላይ በድል ወይም በሞት ይዘጋው ነበር። ፋስቢንደር ባልና ሚስቱን ለዕረፍት ሰደዳቸው፤ ሲመለሱም ሰፈሩ ሁሉ ደግ ሆኖ ጠበቃቸው። ባለሱቁ ደንበኛ ያስፈልገዋል፣ ልጇ ሕፃን የሚጠብቅለት ይፈልጋል፣ ጎረቤቷ ዕቃ የምታስቀምጥበት ቦታ ትሻለች። ጥላቻው በጥቅም ተተካ። ያን ጊዜ ነው ትዳሩ መሰንጠቅ የሚጀምረው። ኤሚ ባልደረቦቿን ቤቷ ጠርታ የባሏን ጡንቻ ታስዳስሳቸዋለች። ኩስኩስ አምሮት ሲጠይቃት ያገሩን ምግብ መልመድ እንዳለበት ትነግረዋለች። ከዩጎዝላቪያ የመጣች አዲስ የጽዳት ሠራተኛ ስትቀጠርም ኤሚ ከእነዚያው ባልደረቦቿ ጋር ወግና ያቺን ሴት ለብቻዋ ታስበላታለች። ከውጭ የነበረው ዓይን ገብቶ ኤሚ ፊት ላይ ተቀምጧል። ዓሊ በመጨረሻ ጨጓራው ቆስሎ ተበስቶ ይወድቃል፤ ሐኪሙም ይህ በስደተኛ ሠራተኞች ላይ የተለመደ መሆኑን፣ ከስድስት ወር በኋላም ተመልሶ እንደሚመጣ ለኤሚ ያረዳታል።

ዓሊ የሚደብቀው ነገር የለም። በሚስቱ የተወደደው እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ምስጢር መጣል ብቻውን ሰውን አያድንም ማለት ነው፤ የተጣለውን የሚቀበለው ሰው በማን ዓይን እንደሚያይ ይወስነዋል። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የዘመኑ «ራስህን ውደድ» የሚለው ምክር ምን ያህል እንደሚጎድለው ይታያል። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ሥራውን ሁሉ የሚጭነው በተጎዳው ሰው ላይ ነው። ዓሊ ራሱን ቢወድ ጨጓራው ይድን ነበር የሚል ሰው ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ወደ ሽሎሞ ልመለስ። ፓሪስ ሄዶ ሕክምና ይማራል። ሣራ ለዓመታት ትጠብቀዋለች፤ እሱ ይሸሻታል። እዚህ ፊልሙ ትዕግሥት ይፈትናል። ከሁለት ሰዓት በላይ በሆነ ርዝመቱ ውስጥ በዘመኑ በእስራኤል የሆነው ጦርነት፣ የሰላም ውል፣ ሰልፍና ግድያ ሁሉ በጀግናው በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል፤ አንዳንዱ ቢቀር አይጎዳውም ነበር። ሴቶቹም ሁሉ አዳኞች ናቸው፤ የራሳቸው ችግር ብዙም አይታይም። ቢሆንም ሽሽቱ እውነተኛ ነው። ደስታ ሲቀርበው የሚሸሽ ሰው ደስታን ጠልቶ አይደለም፤ ደስታው የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ይጋባሉ። የሣራ አባት ልጁን እንደ ሞተች ቆጥሮ ኀዘን ይቀመጣል። ሣራ ካረገዘች በኋላ ሽሎሞ ክርስቲያን እንደሆነ፣ እናቱም ሱዳን እንደቀረች ይነግራታል። ሣራ ትቆጣለች፤ ጥላው ትሄዳለች። ቁጣዋ ግን እሱ ለዓመታት ሲፈራው የኖረው ቁጣ አይደለም። አይሁድ አለመሆኑ አይደለም ያስቆጣት፤ ለእሱ ስትል ቤተሰቧን ያጣች ሴት ሆና ሳለ እንደ ዘረኛው አባቷ ቆጥሯት መደበቁ ነው ያንገበገባት። ኩሊ የጠቀሰው የመካከለኛው እርከን ጥፋት ይህ ነው፤ ግምት። ሽሎሞ ፍርዱን በራሱ ውስጥ ሲፈርድ ኖሯል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ችሎቱ ላይ የጠበቀው ሰው አልነበረም። በዚህ እሱን መውቀስ ደግሞ አይቻልም። ደማቸው በተጣለበት፣ ተጠመቁ በተባሉበት አገር የገመተው ግምት እብደት አልነበረም። በብዙ ሰው ላይ ልክ የሆነው ግምት በአንዲት ሴት ላይ ስሕተት ሆነ፤ የትኛዋ እንደሆነች አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድም አልነበረውም።

ሚሃይሊያኑ ይህን ከየት እንዳመጣው መገመት ይቻላል። ቡካሬስት ተወልዶ በ1980 ከቻውሼስኩ ሩማንያ የወጣ አይሁዳዊ ነው። አባቱ በናዚ ዘመን ቡክማን የሚለውን የአይሁድ ስማቸውን ጥለው ሚሃይሊያኑ ተብለው ነው የተረፉት። ዳይሬክተሩ ራሱ የሚጠራው ያ ለመትረፍ በተወሰደ ስም ነው። አይሁድ መሆን ነፍስ የሚያስከፍልበት ዘመን ላይ አባት አይሁድ አይደለሁም አሉ፤ በፊልሙ ደግሞ አይሁድ መሆን ነፍስ ሲያድን አንድ ልጅ አይሁድ ነኝ አለ። ስክሪፕቱ በ2006 የፈረንሳይን የሴዛር ሽልማት አግኝቷል።

ስለ ፊልሙ መጨረሻ ብዙ ይወራል። ሽሎሞ ሐኪም ሆኖ ወደ ሱዳን ይመለሳል፣ በጣቢያው መካከል እናቱን ያገኛታል፣ እሷም ትጮኻለች። ጩኸቱ ኃይለኛ ነው፤ እኔ ግን ስጦታው የበዛ ይመስለኛል። ሚሊዮን ሰው በተበተነበት በረሃ እናትን አንድ ቦታ ተቀምጣ ማግኘት የሲኒማ ቸርነት ነው። የልጁ ሕይወት የተለወጠው ከዚያ በፊት፣ ሣራ በሩን በኃይል ዘግታ በወጣችበት ቀን ነው። ያዕል በግቢው ስትልሰው የተላሰው ሽሎሞ ነበር፤ ፖሊሱ ሲያጽናናው የተጽናናው ሽሎሞ ነበር። ሣራ የተቆጣችው ግን በእሱ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ከእናቱ እቅፍ በተገፋው ልጅ። ስትመለስም የምትመለሰው ወደዚያው ልጅ ነው። ያዕልም እውነቱን ስትሰማ ሣራን ለማስመለስ የምትሟገትለት ለእሱ ነው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዳጊ እናቱ በስሙ ባይሆንም በማንነቱ ታውቀዋለች።